የአምስተኛው ሜታታርሳል ስብራት የቀዶ ጥገና ማሰሪያ ዘዴዎች

የአምስተኛው ሜታታርሳል ስብራት የቀዶ ጥገና ማሰሪያ ዘዴዎች ከትንሿ የእግር ጣት በስተኋላ ያለው ረጅም አጥንት ሲሰበር፣ የተለያዩትን የአጥንት ክፍሎች እስኪገጥሙ ድረስ በብረት አጥብቆ ለመያዝ የሚያገለግሉ የሕክምና መንገዶች ናቸው። በብዛት የሚሠራባቸው ሦስት ናቸው፦ በአጥንቱ የመቅኔ ቦይ ውስጥ የሚገባ ብሎን፣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ የሚታሰር ሽቦ፣ እና በአጥንቱ ገጽ ላይ በትናንሽ ብሎኖች የሚያያዝ ፕሌት። ከእነዚህ ጋር የአጥንት ንቅለ ተከላ ሊጨመር ይችላል።

አጥንቱ ትንሽ ቢሆንም ስብራቱ በአጥንት ሕክምና ውስጥ ብዙ አከራክሯል። ምክንያቱም በአንድ አጥንት ላይ፣ በሁለት ወይም በሦስት ሴንቲሜትር ርቀት ውስጥ፣ ጨርሶ ቀዶ ጥገና የማያስፈልገው ስብራትና ያለ ቀዶ ጥገና ለመግጠም የሚያስቸግር ስብራት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሁለቱን ያልለየ ሕክምና በአንድ በኩል ያላስፈለገ ብረት ያስገባል፤ በሌላ በኩል ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ሊራመድ የሚችለውን ሰው ለወራት በክራንች ያስቀረዋል። ስለዚህ የዘዴዎቹ ንጽጽር «የትኛው ይበልጣል» ከማለት ይልቅ «የትኛው ለየትኛው ስብራት ይስማማል» የሚል ነው።

የአጥንቱ አቀማመጥ

ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ ያለው የሰው እግር 26 አጥንቶች አሉት፤ እነሱም 7 ታርሳሎች፣ 5 ሜታታርሳሎችና 14 የጣት አጥንቶች ናቸው። ሜታታርሳሎች በእግር መካከለኛ ክፍል የሚገኙ ረዘም ያሉ አጥንቶች ሲሆኑ ከአውራ ጣት በኩል ተጀምረው ከ1 እስከ 5 ይቆጠራሉ። አምስተኛው የእግርን የውጭ ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። የእግርን የውጭ ጠርዝ በጣት ሲዳስሱት ከተረከዝና ከትንሿ ጣት መካከል ጉብ ብሎ የሚገኘው የዚህ አጥንት ሥር ነው።

አጥንቱ በሥር፣ በግንድና በራስ ይከፈላል። ሥሩ ከኋላ ኩቦይድ ከሚባለው አጥንት ጋር፣ ከጎን ደግሞ ከአራተኛው ሜታታርሳል ጋር መገጣጠሚያ ይሠራል። በጉብታው ላይ ፐሮኒየስ ብሬቪስ የሚባለው ጡንቻ ጅማት ይያያዛል። ከውስጥ እግር የሚመጣው ጠንካራ ሽፋን የውጭ ክፍልም እዚያው ላይ ይያዛል። እነዚህ ሁለቱ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ጉብታውን ስለሚጎትቱት ሊገነጥሉት ይችላሉ።

ለሕክምናው ምርጫ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የደም አቅርቦቱ ነው። የአጥንቱ ግንድ ደም የሚያገኘው ከውስጠኛው ጎን ከሚገባ አንድ መጋቢ ደም ወሳጅ ቧንቧ ነው። ሥሩ ደግሞ በዙሪያው ከሚገቡ ብዙ ትናንሽ ቧንቧዎች ደም ያገኛል። ሁለቱ በሚገናኙበት፣ ማለትም ሥሩ አልቆ ግንዱ በሚጀምርበት ቦታ የደም ስርጭቱ ስስ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ የደም ሥር ጥናት በዝርዝር ተገልጿል። አጥንት የሚገጥመው በደም አማካይነት በሚደርሱ ሕዋሳትና ንጥረ ነገሮች በመሆኑ፣ በዚህ ድንበር ላይ የሚደርስ ስብራት ቀስ ብሎ ይገጥማል ወይም ሳይገጥም ይቀራል።

የስብራቱ ዓይነቶች

በሰፊው የሚሠራበት አመዳደብ እ.ኤ.አ. በ1993 ሎረንስና ቦት ያቀረቡት ሲሆን የአጥንቱን የኋላ ክፍል በሦስት ቀጠና ይከፍለዋል።

ቀጠና 1፦ የጉብታው መገንጠል ነው። እግር በድንገት ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ይደርሳል። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ደሙ ጥሩ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል።

ቀጠና 2፦ ሥሩና ግንዱ በሚገናኙበት ላይ የሚደርስ ስብራት ሲሆን መስመሩ በአራተኛውና በአምስተኛው ሜታታርሳል መካከል ወዳለው መገጣጠሚያ ይዘልቃል። የጆንስ ስብራት የሚባለው ይህ ነው። ተረከዝ ከመሬት ተነሥቶ ሳለ ክብደት በእግሩ የውጭ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ይከሰታል።

ቀጠና 3፦ ከዚያ መገጣጠሚያ ወደፊት አለፍ ብሎ በግንዱ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ ስብራት ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ አደጋ ሳይሆን በተደጋጋሚ ጫና ብዛት ቀስ በቀስ የሚፈጠር የድካም ስብራት ነው። በሯጮች፣ በእግር ኳስና በቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች፣ በዳንሰኞችና በወታደሮች ላይ ይታያል።

ከቦታው ሌላ የስብራቱ ዕድሜም ይታያል። ቶርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት አመዳደብ ስብራቱ በኤክስሬይ ላይ ባለው መልክ በሦስት ይለያል። ዓይነት 1 አዲስና ጠርዙ ስል የሆነ ነው። ዓይነት 2 መግጠሙ የዘገየና የመቅኔው ቦይ በከፊል የተደፈነ ነው። ዓይነት 3 ደግሞ ያልገጠመና ቦይው ሙሉ በሙሉ በደረቅ አጥንት የተዘጋ ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ብሎን ብቻውን ሊበቃቸው የማይችል መሆኑን ስለሚያመለክቱ ለቀዶ ጥገናው ዕቅድ ጠቃሚ ናቸው።

ታሪክ

ስብራቱ ስሙን ያገኘው ከሊቨርፑሉ የአጥንት ሐኪም ከሰር ሮበርት ጆንስ ነው። ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1902 ባሳተመው ጽሑፍ የገለጸው የመጀመሪያ ታካሚ ራሱ ነበር። ሲጨፍር ተረከዙ ከመሬት እንደተነሣ በእግሩ የውጭ ጠርዝ ረገጠና አንድ ነገር ሲበጠስ ተሰማው። መጀመሪያ የጠረጠረው ጅማት መበጠሱን ነበር። ኤክስሬይ ሲነሣ ግን አጥንቱ ከሥሩ በግምት 2 ሴንቲሜትር ላይ ተሰብሮ ተገኘ። ኤክስሬይ ራሱ ከተገኘ (እ.ኤ.አ. 1895) ገና 7 ዓመቱ ነበር። እስከዚያ ድረስ የዚህ ዓይነት ስብራት በቀጥታ ምት እንጂ በመታጠፍ ብቻ ይደርሳል ተብሎ አይታሰብም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዋናው ሕክምና ጀሶ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዳመሮን እንዲሁም ካቫናና ባልደረቦቹ ባወጧቸው ጽሑፎች ከጉብታው ወደፊት ያሉ ስብራቶች ዘግይተው እንደሚገጥሙና ከገጠሙም በኋላ እንደገና እንደሚሰበሩ ጎልቶ ታየ። የካቫና ቡድን እ.ኤ.አ. በ1978 በመቅኔ ቦይ ውስጥ ብሎን ማስገባትን ለስፖርተኞች አመከረ። የቶርግ ቡድን በበኩሉ ላልገጠሙ ስብራቶች የአጥንት ንቅለ ተከላን ተጠቀመ።

የማሰሪያ መሣሪያዎቹ ታሪክ ግን ከዚህ ይቀድማል። ቀጫጭኖቹን የብረት ዘንጎች ጀርመናዊው ማርቲን ኪርሽነር እ.ኤ.አ. በ1909 አስተዋወቀ፤ እስከ ዛሬም በስሙ የኪርሽነር ሽቦ ይባላሉ። ጎታች ኃይልን ወደ ጨማቂ ኃይል የሚለውጠው የሽቦ አስተሳሰር መርህ ከፍሪድሪክ ፓውቬልስ ስም ጋር ይያያዛል። ዘመናዊው የብሎንና የፕሌት አሠራር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1958 በስዊዘርላንድ በተመሠረተውና ኤኦ በሚባለው የአጥንት ሐኪሞች ቡድን ሥራ ነው።

ምልክትና ምርመራ

ሕመምተኛው በእግሩ የውጭ ጠርዝ ላይ ሕመም፣ እብጠትና ብልዘት ይኖረዋል፤ ክብደቱን ሲያሳርፍበት ሕመሙ ይብሳል። ቀጠና 3 ላይ ለሳምንታት የቆየ ቀላል ሕመም ቀድሞ ሊኖር ይችላል።

ጉዳቱ የሚደርሰው ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል በሚሆነው ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከወለምታ ጋር ይምታታል። ስብራቱ ወለምታ ነው ተብሎ ሲታሽ ወይም ሰውየው እንደልቡ ሲራመድበት ያልተንቀሳቀሰው ስብራት ሊለያይ ይችላል። ይህን ለመለየት ሐኪሞች በካናዳ የተዘጋጀውንና የመጀመሪያው ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመውን የኦታዋ ደንብ ይጠቀማሉ። በደንቡ መሠረት በእግሩ መካከለኛ ክፍል ሕመም ያለው ሰው የአምስተኛው ሜታታርሳል ሥር ሲነካ ካመመው፣ በውስጠኛው ጎን ያለው ናቪኩላር አጥንት ሲነካ ካመመው፣ ወይም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ኤክስሬይ መነሣት አለበት።

ኤክስሬዩ ከፊት፣ ከጎንና በሰያፍ ይነሣል። የድካም ስብራት መጀመሪያ ላይ በኤክስሬይ ላይታይ ስለሚችል ኤምአርአይ ያስፈልግ ይሆናል። አጥንቱ በትክክል መግጠሙን ለማረጋገጥ ሲቲ ስካን ይመረጣል። በልጆች ላይ በጉብታው ላይ የሚታየው የእድገት መስመር ስብራት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የእድገት መስመሩ ከግንዱ ጋር ትይዩ ሲሄድ ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ግንዱን አግድም ይቆርጣል።

ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው መቼ ነው

ቀጠና 1 ላይ አብዛኞቹ ታካሚዎች ጠንካራ ሶል ባለው ጫማ ወይም በቡት፣ ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን እየረገጡ ይድናሉ። ቀዶ ጥገና የሚታሰበው የተገነጠለው ክፍል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር በላይ ሲርቅ ወይም ስብራቱ ከኩቦይድ ጋር ካለው የመገጣጠሚያ ገጽ ከ30 በመቶ በላይ ሲይዝ ነው።

ቀጠና 2 ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይረግጡ በጀሶ መቆየት ነው። ሁለተኛው ቀደም ብሎ ብሎን ማስገባት ነው። ሁለቱን በዕጣ ደልድሎ ያነጻጸረው የሞሎኝና የባልደረቦቹ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። አዲስ የጆንስ ስብራት ከነበራቸው 37 ሰዎች 18ቱ ጀሶ፣ 19ኙ ብሎን ተደርጎላቸዋል። ሕክምናው ያልተሳካላቸው ከጀሶው ወገን 8፣ ከብሎኑ ወገን 1 ሰው ነበሩ። አጥንቱ እስኪገጥም የወሰደው መካከለኛ ጊዜ በጀሶ 14.5 ሳምንት፣ በብሎን 7.5 ሳምንት ነው። ወደ ስፖርት ለመመለስም በቅደም ተከተል 15 እና 8 ሳምንት ወስዷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ በመሆኑ ጥናቱ በስፖርተኞች ላይ ቀዶ ጥገናው እንዲመረጥ ትልቅ ተጽዕኖ አድርጓል። ከተመሳሳዩ ቁጥር በሌላ በኩል ሲታይ በጀሶ ከታከሙት 18 ሰዎች 10ሩ ያለ ቢላ ድነዋል። ስለዚህ ለመመለስ የማይቸኩል፣ ሳይረግጥ መቆየት የሚችል ወይም ቀዶ ጥገና የሚያሰጋው ሰው ጀሶን መምረጡ ስህተት አይደለም።

ቀጠና 3 ላይ፣ በተለይም ዓይነት 2 እና 3 ከሆነ፣ ቀዶ ጥገና በብዛት ይመከራል።

የማሰር መርሆዎች

አጥንትን በብረት ማሰር አጥንቱን አያድነውም፤ አጥንቱ ራሱ እስኪገጥም ድረስ ጊዜ ይገዛለታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማሰሪያው ሦስት ኃይሎችን መቋቋም አለበት፦ ማጠፍ፣ መጠምዘዝና መጎተት።

ሰው ሲራመድ አምስተኛው ሜታታርሳል ከታችና ከውጭ በኩል ይወጠራል፤ ከላይና ከውስጥ በኩል ይጨመቃል። ስብራቱ የሚከፈተውም በሚወጠረው ጎን ነው። ስለዚህ በሚወጠረው ጎን ላይ የተቀመጠ ማሰሪያ ስንጥቁ እንዳይከፈት በቀጥታ ይከላከላል። በአጥንቱ መሃል ያለ ማሰሪያ ደግሞ በጥንካሬውና ከቦይው ግድግዳ ጋር ባለው ንክኪ ላይ ይደገፋል። የዘዴዎቹ ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

ሁለተኛው መርህ ደምን መቆጠብ ነው። አጥንቱ በሰፊው ሲከፈትና ሽፋኑ ሲገፈፍ ማሰሪያው ቢጠነክርም ለመግጠም የሚያስፈልገው ደም ይቀንሳል። ደሙ ከመጀመሪያውም ስስ በሆነው ቦታ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋና ዋና ዘዴዎች

በመቅኔ ቦይ ውስጥ የሚገባ ብሎን

ለቀጠና 2 እና 3 በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ነው። ከአጥንቱ ሥር በስተኋላ ቆዳው በትንሹ ይቀደዳል። ሲ-አርም በሚባለው ተንቀሳቃሽ ኤክስሬይ እየታየ አንድ መሪ ሽቦ ወደ ቦይው ይገባል። ከዚያ ቦይው ይሰረሰራል፣ ጥርስ ይወጣለታል፣ በመጨረሻም ብሎኑ ይጠበቃል። የብሎኑ ጥርሶች በሙሉ ስብራቱን አልፈው መገኘት አለባቸው፤ እንዲህ ካልሆነ ሁለቱን ክፍሎች አስጠግቶ መጨመቅ አይችልም።

የመግቢያው ነጥብ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አጥንቱ ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ውጭ የጎበጠ ነው፤ ብሎኑ ግን ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ከጉብታው ጫፍ ላይ ሳይሆን ከዚያ ከፍና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካልተጀመረ ብሎኑ ግድግዳውን ሊበሳ ይችላል። በርዝመትም እንዲሁ ነው። ብሎኑ ከቦይው ቀጥተኛ ክፍል ካለፈ ጎባጣውን አጥንት ሊያቀናው ይሞክርና ስብራቱን በውጭ በኩል ይከፍተዋል። ይህ ቀጥተኛ ክፍል ከአጥንቱ ርዝመት በግምት ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ረጅም ብሎን ጠንካራ ማሰሪያ ነው ማለት እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

በውፍረት በኩል ከ4.5 ሚሊሜትር ያነሱ ብሎኖች ከመታጠፍና ከመሰበር ጋር ይያያዛሉ። እስከ 6.5 ሚሊሜትር የሚደርሱም አሉ። ወፍራም ብሎን ግድግዳውን አጥብቆ ስለሚነክስ ለመነቀል ይቸግራል፤ ቦይው ጠባብ በሆነ ሰው ላይ ግን አጥንቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ብሎኑ ድፍን ወይም መሃሉ ክፍት ሊሆን ይችላል። መሃሉ ክፍት የሆነው በመሪ ሽቦው ላይ ተንሸራትቶ ስለሚገባ ለማስገባት ይቀላል፤ ድፍኑ ግን ተመሳሳይ ውፍረት ሲኖራቸው መታጠፍን ይበልጥ ይቋቋማል።

የዘዴው ትልቅ ጥቅም ቁስሉ ትንሽ መሆኑና ስብራቱ ራሱ ስለማይከፈት ደሙ መቆጠቡ ነው። ድክመቱ መጠምዘዝን ከፕሌት ያነሰ መቋቋሙ ነው። በተጨማሪም የብሎኑ ራስ ከኩቦይድ ጋር ሊፋተግ ይችላል። ይህን ለማስቀረት ራስ የሌላቸው ብሎኖችም ተሠርተዋል።

በስምንት ቁጥር የሚታሰር ሽቦ

በዋናነት ለቀጠና 1 የሚሠራ ነው። ሁለት የኪርሽነር ሽቦዎች ከተገነጠለው ጉብታ ተነሥተው ስብራቱን ተሻግረው ወደ ግንዱ ይገባሉ። ከስብራቱ ወደፊት በግንዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። በቀዳዳው የሚያልፍ ለስላሳ ሽቦ በስምንት ቁጥር ቅርጽ በኪርሽነር ሽቦዎቹ ጫፍ ዙሪያ ይታሰርና ይጠመዘዛል።

ጡንቻው ጉብታውን ወደ ኋላ ሲጎትት ሽቦው እንዳይሄድ ይይዘዋል፤ የመጎተቱም ኃይል ስብራቱን ወደ መጨመቅ ይለወጣል። ብሎን ለመንከስ በማይበቃ ትንሽ ወይም በተሰባበረ የአጥንት ክፍል ላይ ይጠቅማል። መሣሪያውም ርካሽ ነው፤ አብዛኛው የአጥንት ቀዶ ጥገና ክፍል ያለው ነው። ድክመቱ የሽቦዎቹ ጫፍ ከቆዳ ሥር ጎልቶ መውጣቱ ነው። ቦታው ከጫማ ጋር የሚነካካ ስለሆነ ያማል፤ በዚህም የተነሣ ሽቦውን ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ይችላል።

የኪርሽነር ሽቦ ብቻውን በቆዳ በኩል ገብቶ ሊያገለግልም ይችላል። ፈጣንና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስብራቱን አይጨምቅም፣ ሊንሸራተት ይችላል፣ ከቆዳ ውጭ ከቀረም ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ስለዚህ ለአምስተኛው ሜታታርሳል ሥር የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም፤ በግንድና በአንገት ስብራት ላይ የተሻለ ቦታ አለው።

ፕሌት

ፕሌት ቀዳዳዎች ያሉት ስስ የብረት ማሰሪያ ሲሆን በስብራቱ ግራና ቀኝ በትናንሽ ብሎኖች ይያያዛል። ለዚህ አጥንት ሁለት ዓይነት ይጠቀሳል። አንደኛው ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለውና የተገነጠለውን ጉብታ ይዞ የሚጎትተው ለቀጠና 1 ነው። ሁለተኛው ከታችና ከውጭ በኩል፣ ማለትም በሚወጠረው ጎን ላይ የሚቀመጠው ለቀጠና 2 እና 3 ነው።

በአስከሬን እግር ላይ በተደረጉ የጥንካሬ ሙከራዎች በሚወጠረው ጎን የተቀመጠ ፕሌት ከመቅኔ ብሎን የበለጠ ተደጋጋሚ ጫናን እንደተቋቋመና ስንጥቁም ያነሰ እንደተከፈተ ታይቷል። ሆኖም ይህ የመጀመሪያ ቀን ጥንካሬ ነው። በአስከሬን ላይ ደም አይዘዋወርም፣ አጥንትም አይገጥምም። ስለዚህ በሙከራው ያሸነፈው ዘዴ በሕያው ሰው ላይ ቀድሞ ያድናል ማለት አይቻልም።

ፕሌት ጠቃሚ የሚሆነው ቦይው ለብሎን በጣም ጠባብ ወይም ጎባጣ ሲሆን፣ ስብራቱ ብዙ ቦታ ሲከፈል፣ ወይም ቀድሞ የገባው ብሎን ሳይሳካ ሲቀር ነው። ድክመቱ ሰፊ ቁስል ማስፈለጉ፣ ብረቱ ከስስ ቆዳ ሥር መዳሰሱ፣ በአካባቢው ያለው ነርቭ የመጎዳት ዕድሉና ዋጋው ነው።

የአጥንት ንቅለ ተከላ

ለብቻው ማሰሪያ አይደለም፤ ከብሎን ወይም ከፕሌት ጋር ይጨመራል። ዓይነት 3 በሆነ ስብራት ላይ ቦይውን የዘጋው ደረቅ አጥንት ደም እስኪታይ ድረስ ይጠረጋል። ከዚያም ከታካሚው ዳሌ፣ ከተረከዙ ወይም ከሌላ ቦታ የተወሰደ ለስላሳ አጥንት ይሞላበታል። የተወሰደው አጥንት ሕያው ሕዋሳትን ይዞ ይመጣል። በዚያው ልክ አጥንቱ የተወሰደበት ቦታም ለተወሰነ ጊዜ ሊያም ይችላል።

ንጽጽር

ለሚስማማው ስብራት፦ የመቅኔ ብሎን ለቀጠና 2 እና 3፣ የስምንት ቁጥር ሽቦ ለቀጠና 1፣ ፕሌት እንደ ቅርጹ ለሦስቱም።

የቁስል ስፋት፦ በብሎን ትንሽ፣ በሽቦ መካከለኛ፣ በፕሌት ሰፊ።

መታጠፍንና መጠምዘዝን መቋቋም፦ በብሎን መታጠፍን በደንብ፣ መጠምዘዝን በመጠኑ፤ በሽቦ መጎተትን በደንብ፣ ሌላውን በመጠኑ፤ በፕሌት ሁሉንም በደንብ።

የደም ቁጠባ፦ በብሎን ጥሩ፤ በሽቦና በፕሌት በቀዶ ሐኪሙ ጥንቃቄ ይወሰናል።

ዋናው ስጋት፦ በብሎን የመግቢያ ነጥብና የርዝመት ስህተት፤ በሽቦ ጎልቶ የሚወጣ ብረት፤ በፕሌት የቆዳና የነርቭ ጉዳት።

ብረቱን የማውጣት ዕድል፦ በሽቦ ከፍተኛ፤ በፕሌት መካከለኛ፤ በብሎን ካላስቸገረ ይቀራል።

የሚያስፈልግ መሣሪያ፦ ለሽቦ ቀላል፤ ለብሎን ሲ-አርም የግድ ነው፤ ለፕሌት ልዩ ቅርጽ ያላቸው ፕሌቶች ያስፈልጋሉ።

ከቀዶ ጥገና በኋላ

በተለመደው አካሄድ ታካሚው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳይረግጥ በክራንች ይሄዳል፤ ከዚያ በቡት ቀስ በቀስ ክብደት ያሳርፋል። ወደ ሩጫና ዝላይ የሚመለሰው ሕመሙ ሲጠፋና መግጠሙ በምስል ሲረጋገጥ ነው። ሁለቱ አብረው መገኘት አለባቸው፤ ሕመም ብረቱ ስለያዘው ብቻ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ያልገጠመ አጥንት ላይ ተመልሶ መሮጥ ጫናውን በሙሉ ለብሎኑ ይሰጠዋል፤ ብረትም እንደ አጥንት በተደጋጋሚ ጫና ይደክማል።

ሲጋራ ማጨስ፣ የቫይታሚን ዲ እጥረትና የስኳር በሽታ መግጠምን ያዘገያሉ። ተረከዛቸው ወደ ውስጥ የዞረ ሰዎች ክብደታቸው በእግራቸው የውጭ ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ ስብራቱ ሊደገምባቸው ይችላል። እነዚህ ሰዎች ክብደቱን የሚያስተካክል የጫማ ውስጥ ድጋፍ ይታዘዝላቸዋል። በስፖርት ላይ ያለ ሰው ብሎኑ ካላስቸገረው እንዳይወጣ ይመከራል፤ ከወጣ በኋላ ዳግመኛ ስብራት የደረሰባቸው ታካሚዎች አሉና።

ሊከሰቱ የሚችሉ ችግሮች

ለሁሉም ዘዴዎች የጋራ የሆኑት ኢንፌክሽን፣ የመግጠም መዘግየት፣ አለመግጠምና ዳግመኛ ስብራት ናቸው። በዚህ ቦታ ላይ በተለይ የሚፈራው የሱራል ነርቭ ቅርንጫፍ ጉዳት ነው። ይህ ነርቭ ከብሎኑ መግቢያ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ ያልፋል። ከተጎዳ በእግሩ የውጭ ጠርዝ ላይ መደንዘዝ ወይም የሚያቃጥል ሕመም ያስከትላል። በዚህ ምክንያት በመሰርሰር ጊዜ ሥጋውን የሚከልል ቱቦ ይደረጋል።

ታዋቂ ጉዳቶች

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2002 እንግሊዛዊው እግር ኳስ ተጫዋች ዴቪድ ቤካም ከዓለም ዋንጫው በፊት የግራ እግሩ ሜታታርሳል ሲሰበር ቃሉ በስፖርት ጋዜጦች የተለመደ ሆነ። የእሱ ግን ሁለተኛው ሜታታርሳል ነበር። ብራዚላዊው ኔይማር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 አምስተኛ ሜታታርሳሉን ሰብሮ በቤሎ ሆሪዞንቴ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ በሰኔ ወር በሩሲያው ዓለም ዋንጫ ተጫወተ። በጥር 2019 ያው እግሩ እንደገና ሲጎዳ ያለ ቀዶ ጥገና ታከመ።

ብዙ ትምህርት የሚሰጠው የአሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የኬቨን ዱራንት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 በቀኝ እግሩ ላይ የጆንስ ስብራት ደርሶበት ብሎን ገባለት። በየካቲት 2015 የብሎኑ ራስ ከኩቦይድ ጋር እየተፋተገ ስላመመው ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በመጋቢት መጨረሻ ደግሞ አጥንቱ እንደገና በመሰበሩ የአጥንት ንቅለ ተከላ ተደረገለት። በዚያ ወቅት ውድድር 27 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ በሚቀጥለው ዓመት ተመለሰ። በስድስት ወር ውስጥ የደረሰው ይህ ሁሉ ከላይ የተዘረዘሩትን የብሎን መፋተግ፣ ዳግመኛ ስብራትና ንቅለ ተከላ በአንድ እግር ላይ በቅደም ተከተል ያሳያል።